ቸኮሌቱ ምላስ ላይ ይቅለጥ፤ አዳማ ላይ ለረምና ቸኮሌት ቅምሻ ለምትቀመጡ

ረም የሚባለው ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ ጠንካራ መጠጥ ከቸኮሌት ጋር የሚቀመስበት ቅምሻ ላይ ተቀምጠው "በቃ ይሄው ነው?" ብለው የሚነሱ ብዙ ናቸው። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ምላስ ደንዝዟል፤ ቸኮሌቱ ሳህኑ ላይ ወዝቷል፤ አስቀማሹ ስለ ቫኒላና ስለ ደረቀ ፍራፍሬ ያወራል፤ እንግዳው የሚሰማው ግን ማቃጠልና ስኳር ብቻ ነው። ማታ ራስ ምታት፣ ጠዋት ጸጸት። ጥፋቱ የመጠጡ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛው ነገር የሚበላሸው ሰው ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ነው፤ አዳማ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ቸኮሌቱን ከእንግዳው ቀድሞ ሙቀቱ ይቀምሰዋልና። ለስብሰባ፣ ለሠርግ ወይም ለዕረፍት ወርዳችሁ እንዲህ ያለ ግብዣ ወይም የሚከፈልበት ቅምሻ ቢያጋጥማችሁ ገንዘባችሁና ምሽታችሁ እንዳይባክን፣ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ላይ ደጋግሞ ከመቀመጥ የተለቀመውን ከመነሻው ጀምሬ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ከአጽዋማት አንዱ ላይ ከዋለ የሚጾም ሰው የሳህኑን ግማሽ ሳይነካ ይነሳል፤ ወተት ያለበት ቸኮሌት የፍስክ ነው። "ጥቁር ከሆነ የጾም ነው" ብላችሁም አትዝናኑ። ጥቁር ከሚባሉት ብዙዎቹ የወተት ቅባት አላቸው፤ የሌላቸውም ቢሆኑ ወተት ከሚነካው ማሽን ስለሚወጡ ርዝራዥ ሊኖር እንደሚችል ማሸጊያቸው ላይ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ቦታ ስትይዙ ቀድማችሁ ተናገሩ። ጊዜ ያገኘ አስቀማሽ ከ60 እስከ 85 በመቶ ካካዎ ባላቸው ጥቁሮች ብቻ ሙሉ ቅምሻ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ለኔ እንዲያውም ከወተቱ የተሻለ ይወጣል። አብሯችሁ የማይጠጣ ሰው ካለም እንደዚሁ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ለሱ ያንኑ ቸኮሌት ስኳር ከሌለው ቀጠን ካለ ቡና ጋር ማቅረብ ይቻላል፤ ነገር ግን ውስጡ ሙሌት ያለው ቸኮሌት ሲመጣ ሙሌቱ ራሱ ረም እንዳለበት ይጠየቅለት። ሜትሮኒዳዞል የተባለውን መድኃኒት እየወሰዳችሁ ያላችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና በዚያው ቀን መሪ የምትጨብጡ ብርጭቆውን ለሌላ ጊዜ ተዉት። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው አልኮል አይሸጥም፤ ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ የነሱ ድርሻ ቸኮሌቱ ብቻ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ የሚጀምር ቅምሻ ምርጫዬ ነው። ምሳ የተበላው 7 ሰዓት ላይ ከሆነ ሆድ ባዶም ሙሉም አይደለም። ባዶ ሆድ ላይ አልኮል ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ጠግቦ የመጣ ሰው ደግሞ ቸኮሌት ይሰለቸዋል። ምሳው አልጫ ወይም ሌላ ለስለስ ያለ ነገር ይሁን። አዳማ ድረስ ወርዶ ጥሩ ጥብስና ክትፎ መዝለል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሚጥሚጣና ቃሪያ የገባበት አፍ ለሰዓታት ለቅምሻ አይሆንም። የበርበሬን ማቃጠል የሚሰማው ነርቭ የአልኮልንም ማቃጠል የሚሰማው እሱው ስለሆነ አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል፤ ለስላሳ የነበረው ረም እሳት ይሆናል። ክትፎውን ለእራት አቆዩት። ሽቶ አትቀቡ፤ ሲጋራም ጫትም ከቅምሻው በኋላ ቢሆን ይሻላል። ቡና ጠጥታችሁ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፈው።

ቸኮሌቱን ራሳችሁ ይዛችሁ የምትወርዱ ከሆነ ወይም ለቡድን የምታዘጋጁ ከሆነ ዋናው ፈተና መንገዱ ነው። ቸኮሌትን ቸኮሌት የሚያደርገው የካካዎ ቅቤ ነው። ይህ ቅቤ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ አፋችን 37 ገደማ ስለሆነ ነው ምላስ ላይ እንደዚያ እየተልመሰመሰ የሚጠፋው። ችግሩ መቅለጡን ከናንተ አፍ ይልቅ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ቀድሞ ይጨርሰዋል፤ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ በሞቃት ቀን ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከአዲስ አበባ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በፈጣን መንገዱ ብዙ አይቆይም፤ ግን ቢሾፍቱ ላይ ምሳ ልብላ ብሎ መኪናውን ፀሐይ ላይ ያቆመ ሰው ቸኮሌቱን እዚያው ቀቅሎታል። የውኃ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ፣ በረዶው በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ቸኮሌቱ አየር በማያስገባ ላስቲክ ወይም ዕቃ ታሽጎ ይግባ። በረዶ በቀጥታ አይንካው።

ቀልጦ እንደገና የረጋ ቸኮሌት ላዩ ላይ ነጣ ያለ ዱቄት መሳይ ነገር ያወጣል። ሻጋታ መስሏቸው የሚጥሉት አሉ፤ አይደለም፣ ቢበላም አይጎዳም። በጣታችሁ አሸት አድርጉት፦ ከጠፋና ጣታችሁን ካወዛው ቅቤው ወደ ላይ ወጥቶ ነው፣ ማለትም ሙቀት አግኝቶታል። ካልጠፋና እንደ ደቃቅ አሸዋ ከሻከረ ደግሞ እርጥበት ነክቶት ስኳሩ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ይህ የሚመጣው ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው ሙቅ አየር ላይ ሲከፈት ነው። ሁለቱም ለቅምሻ አይሆኑም፤ አፍ ውስጥ ፍርክስክስ ይላሉ፣ ቃናቸውም ይደበዝዛል። ለኬክ ወይም ለትኩስ ወተት ይሁኑ። ፍሪጅ ግድ ከሆነ ቸኮሌቱ እንደታሸገ ይግባ፣ እንደታሸገ ይውጣ፤ ሳይከፈት ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ክፍሉ ውስጥ ይቆይ። ጤዛው የላስቲኩ ውጪ ላይ ይቀራል። ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ያለው ቦታ ተስማሚው ነው፣ አዳማ ላይ በሚያዝያና በግንቦት እንዲህ ያለ ጓዳ ማግኘት ግን ቀልድ ነው፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ ክፍል ያለው ሆቴል ምረጡ።

ሆቴሉ ራሱ የሚያቀርብ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት የምትጠይቁት አለ። በአንድ ዙር የሚቀዳው ስንት ሚሊ ሊትር ነው? የጠርሙሶቹ ስም ምንድን ነው፣ እኛ ፊት ይከፈታሉ? ቸኮሌቱ የካካዎ ቅቤ ያለው ነው ወይስ ኮምፓውንድ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ቤት ያጋልጣል። ኮምፓውንድ የሚባለው የካካዎ ቅቤው በፓልም ወይም በሌላ የአትክልት ቅባት የተተካበት ነው። ርካሽ ነው፣ ሙቀት ይችላል፣ ለኬክ ልባስ ጥሩ ነው፤ ለቅምሻ ግን ፋይዳ የለውም፣ ምክንያቱም ምላስ ላይ አይቀልጥም፣ እንደ ሰም ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ ረሙም ያንን ሰም አያጥበውም። ማሸጊያውን አሳዩኝ ማለት ነውር የለውም። ዝርዝሩ ላይ "የካካዎ ቅቤ" የሚለው ካለና የአትክልት ቅባት ካልተጠቀሰ ደህና ነው። ጠርሙስን በተመለከተ ደግሞ ማሸጊያው ያልተነካ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ሲከፈት ካላያችሁ አትቅመሱ። በጀግ ወይም በሌላ ዕቃ ተገልብጦ የመጣ ረም ጥሩም ይሁን መጥፎ ማወቂያ የላችሁም፤ ምንጩ ያልታወቀ መጠጥ ውስጥ ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል ከገባ ዓይን ያጠፋል፣ ሕይወትም ያጠፋል። አስቀማሹ ቢቆጣ ይቆጣ።

መጠኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አንድ ዙር 15 ሚሊ ሊትር በቂ ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። አምስት ዙር 75 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ረሙ 40 በመቶ ከሆነ ንጹሕ አልኮሉ 30 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለት ጠርሙስ ቢራ ትንሽ ያነሰ ነው። አሁን በየመጠጥ ቤቱ የለመድነው መለኪያ 40 ወይም 50 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ አምስቱን በሱ ከቀዳችሁት አምስት ስድስት ቢራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠጥታችኋል፣ ያውም ከስኳር ጋር። ችግሩ ባህላችን ነው። ጎደል አድርጎ መቅዳት ስስት ይመስላል፣ አስተናጋጁም ያፍራል፣ እንግዳውም ይቀየማል። ትዕይንቱ ሁሌም አንድ ነው፤ ጠርሙሱን ይዞ የቆመው ልጅ ብርጭቆው ውስጥ ያለችውን ጠብታ አይቶ ይጨነቃል፦ "ጋሼ፣ ይቺማ ምን አላት? ትንሽ ልጨምርልዎ?" መልሱ፦ "ተባረክ ልጄ፣ ይቺው ትበቃኛለች፤ ይልቅ ውኃ ጨምርልኝ።" ካልለመዱት ያስቸግራል እንጂ ያስመሰግናል። ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ ከፋርማሲ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ስሪንጅ ያለ መርፌ ግዙ፣ በሱ አንድ ብርጭቆ ላይ 15 ለክታችሁ ቅዱ፣ ሌሎቹን በዓይን እሱ ላይ አስተካክሉ። ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ብርጭቆ ውኃ አብሮ ይጠጣ፤ ውኃው በረዶ የመሰለ ሳይሆን ለብ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፣ በረዶ ምላስን ያደነዝዛል፣ የካካዎ ቅቤውንም አፍ ውስጥ ያረጋዋል።

ብርጭቆው መለኪያ ባይሆን ይመረጣል። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ሽታውን ሰብስቦ ለአፍንጫ ያደርሳል። ቦታ ስትመርጡ ከወጥ ቤቱና ዕጣን ከሚጨስበት የቡና ጀበና ራቁ፤ ዕጣኑ ደስ ይላል፣ ግን ከሱ በኋላ አፍንጫ ሌላ ነገር አይለይም። ቬራንዳ ላይ ነፋስ ካለም ሽታው ይሄዳል። ክፍሉ በጣም ከሞቀ አልኮሉ ቶሎ ተንኖ አፍንጫን ይመታል፤ ጠርሙሱን ሩብ ሰዓት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ማቆም ይረዳል። የአየር ማቀዝቀዣ ፊት ለፊት መቀመጥም አይጠቅምም፣ ቸኮሌቱ በጣም ደርቆ ይቀራል።

አሁን ወደ መጠጡ። ረም ከእህል ሳይሆን ከሸንኮራ አገዳ ይወጣል። ይህን ለማስረዳት አዳማን የመሰለ ከተማ የለም፤ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረበት ወንጂ ከከተማዋ ጎን ነው፣ ሸንኮራም በየመንገዱ ዳር ተቆርጦ ይሸጣል። ስኳሩ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ ሞላሰስ ይባላል፤ እኛ ጋ ለከብት ማድለቢያና ለአልኮል መሥሪያ ይሄዳል። አብዛኛው የካሪቢያን ረም የሚሠራው ከዚሁ ነው፦ ሞላሰሱ በውኃ ቀጥኖ በእርሾ ይብላላል፣ ማውጫ በሚባለው ዕቃ ይፈላል፣ ተኑ ተሰብስቦ ይወርዳል፣ ከዚያም ኦክ በርሜል ውስጥ ይከርማል። እንደ ማርቲኒክ ባሉ የፈረንሳይ ደሴቶች ግን ከሞላሰስ ይልቅ የተጨመቀውን ትኩስ የሸንኮራ ጭማቂ ያብላላሉ፤ አግሪኮል የሚሉት ይህ ነው። የማርቲኒኩ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ የቦታ ስያሜ አለው። ጎበዝ አስቀማሽ ጠረጴዛው ላይ አንድ ቁራጭ ሸንኮራና ግማሽ ማንኪያ ጥቁር ስኳር ያስቀምጣል። ሸንኮራውን አሽትታችሁ አግሪኮሉን ብታሸቱት ያ አረንጓዴ፣ የሣር ሽታ ከየት እንደመጣ ያለ ማብራሪያ ይገባችኋል። አስቀማሹ ካላስቀመጠ ከመንገድ ገዝታችሁ ግቡ፤ ከዚህ ጥሩ ትምህርት አላየሁም።

ሲቀዳ መጀመሪያ አትጠጡ። አፋችሁን በትንሹ ከፍታችሁ ብርጭቆውን ከአፍንጫ ዝቅ አድርጋችሁ አሽትቱ፤ አፍንጫን ብርጭቆው ውስጥ መክተት አልኮል መሳብ ብቻ ነው። የመጀመሪያዋ ጉንጭ ጠብታ ትሁን፣ ምላስን ለማለማመድ እንጂ ለመፍረድ አይደለችም፤ ሁልጊዜ ታቃጥላለች። ግማሽ ደቂቃ ቆይታችሁ ሁለተኛዋን ውሰዱ። ረሙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨምሩበት። በረዶና ኮላ የሚያቀርብ አስቀማሽ ካጋጠማችሁ እሱ ያለው ቡና ቤት ውስጥ ነው፣ ቅምሻ ላይ አይደለም። እንደ አረቄ በአንዴ መገልበጥም እዚህ ትርጉም የለውም። መትፋትም ይፈቀዳል። የቡና ቀማሾቻችን ቀኑን ሙሉ ሲቀምሱ የሚውሉት እየተፉ ነው፣ ማንም አላፈረባቸውም፤ ባዶ ስኒ አስቀምጡልኝ በሉ።

ቸኮሌቱ ከ8 እስከ 10 ግራም ይሁን፣ ማለትም ከጠፍጣፋው ቸኮሌት አንድ ወይም ሁለት ትንሽ ክፋይ። ስትሰብሩት "ቀጭ" ካለ ቅቤው በትክክል ረግቷል ማለት ነው፤ ከታጠፈ ወይ ሞቆታል ወይ ኮምፓውንድ ነው። አታኝኩት። ሁለት ጊዜ ብቻ ነክሳችሁ ምላስና ላንቃ መካከል ያዙት። መጀመሪያ ስኳሩ ይመጣል፣ ከዚያ ቅቤው መፍሰስ ይጀምራል፣ ከዚያ መራራው፣ ከኋላ ደግሞ ፍራፍሬ ወይም የተቆላ ነገር የሚመስለው ቃና ይወጣል። ረሙ የሚገባው ቸኮሌቱ ሁለት ሦስተኛው ቀልጦ ቅቤው ምላስን ሲሸፍን ነው። ያ ቅባት የአልኮሉን ንክሻ ያለዝበዋል፤ አልኮሉ ደግሞ ቅባቱ ውስጥ የተያዘውን ቃና ያላቅቀዋል። ቀድሞ ከገባ ያቃጥላል፣ ቸኮሌቱ ተውጦ ካለቀ በኋላ ከገባ ደግሞ ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች በየተራ ቀመሳችሁ ማለት ነው። ለዚህ ነው ቸኮሌቱ ሳህን ላይ የቀለጠ እንደሆነ ሁሉ ነገር የሚያልቀው፤ የሚያስፈልገው ያ መቅለጥ አፍ ውስጥ፣ በናንተ ሰዓት መሆን አለበት።

ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ከባድ ነው። በሌላ አቅጣጫ የጀመረ ቅምሻ ሁለተኛው ላይ ሞቷል። መጀመሪያ እንደ ኩባ ወይም ፖርቶ ሪኮ ያለው ቀጠን ያለ ረም፣ ከ35 እስከ 40 በመቶ ካካዎ ካለው የወተት ቸኮሌት ጋር ይሂድ። ቀጥሎ አግሪኮሉ ጎምዘዝ ካለ 65 በመቶ ገደማ ጥቁር ጋር፤ የማዳጋስካር ካካዎ ቀይ ፍራፍሬ የሚመስል ኮምጣጣነት ስላለው ይስማማዋል። ሦስተኛ የባርባዶስ። ደሴቷ የረም ሥራዋ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በሰነድ የሚታወቅ ነው፣ መጠጧም በሁለት ዓይነት ማውጫ የወጣውን እየቀላቀለች ስለምትሠራው ሚዛናዊ ነው፤ ለውዝ ያለበት ቸኮሌት ይወዳል። የሚጾም ካለ እዚህ ላይ ለውዝ ያለው ጥቁር ይተካል።

አራተኛው ከሁሉ የምወደው ነው። የጃማይካ ረም ለረጅም ጊዜ ከተብላላ ድብልቅ በድስት ማውጫ ሲወጣ ከልክ ያለፈ የበሰለ ሙዝና አናናስ ይሸታል፤ አንዳንዱ መጀመሪያ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ መስሎ ስለሚያስደነግጥ "ተበላሽቷል" ተብሎ ይመለሳል። አልተበላሸም፣ ባሕሪው ነው። 70 በመቶ ጥቁር ቸኮሌት ያዙ፣ እስኪለሰልስ ጠብቁ፣ ግማሽ ጉንጭ ጨምሩበት። ያ የሚያስደነግጥ ሽታ ቅቤው ውስጥ ሲገባ በድንገት ይሰክናል፤ መራራው ወደኋላ ይሸሻል፣ የሙዙ ቃና ከላንቃ በላይ በአፍንጫ በኩል ይወጣል። ይህ ጥምረት ያልገባው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቸኮሌቱን ያኘከ ሰው ነው። አምስተኛው ዴሜራራ የሚባለው የጉያና ረም ነው፣ እዚያ እስካሁን ከእንጨት በተሠራ ማውጫ የሚወጣ ረም አለ፤ ወፍራም፣ የተቃጠለ ስኳር የሚሸት። ከ75 እስከ 80 በመቶ ካካዎ ያለው፣ በላዩ ላይ የጨው ፍንጣቂ ያረፈበት ቸኮሌት ይመጥነዋል። ከዚህ በላይ ስድስተኛና ሰባተኛ የሚጨምር ምላስን አያውቅም።

የማይሄዱትንም ልጥቀስ። በርሜል ውስጥ ከልክ በላይ የከረመ ሸካራ ረምና 85 በመቶ ቸኮሌት አንድ ላይ ሲሆኑ ሁለቱም አፍ የሚሰበስቡ ስለሆኑ ጉንጭን ያኮማትራሉ። ደረቅ፣ ማለትም ስኳር ያልተጨመረበት ረም ከነጭ ቸኮሌት ጋር ውኃ ይመስላል፣ ምክንያቱም የጣፋጩ ብዛት የረሙን ቃና ይሰውረዋል። ስኳር የተጨመረበት ረምና የወተት ቸኮሌት ደግሞ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ያቅለሸልሻሉ። ረሙ ስኳር እንዳለው ለማወቅ አንድ ጠብታ እጃችሁ ላይ አሹና ሲደርቅ ንኩት፤ ከተጣበቀ አለበት። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ እስከ 20 ግራም በሊትር ይፈቀዳል፤ ስለዚህ ማጭበርበር አይደለም፣ ግን አስቀማሹ ሊነግራችሁ ይገባል። ቀለሙንም አትመኑ። ጥቁር ስለሆነ አሮጌ አይደለም፣ ካራሜል ቀለም ይጨመርበታል፤ ነጭ ስለሆነም ጥሬ አይደለም፣ በርሜል ውስጥ ከርሞ በከሰል ተጣርቶ ቀለሙን ያጣ አለ። ጠርሙሱ ላይ በትልቁ የተጻፈ ቁጥርም ሁልጊዜ ዓመት አይደለም። የጃማይካና የባርባዶስ ከሆነ ዕድሜው ውስጡ ካለው ከታናሹ ረም ይቆጠራል፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ሲሆን "ይህ ቁጥር የትንሹ ዕድሜ ነው ወይስ የትልቁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

በየዙሩ መካከል ውኃና ደረቅ ዳቦ፤ ድፎም ይሁን ተራ ዳቦ፣ ጥቁር አዝሙድ የሌለው። ብስኩትና አይብ አትንኩ። ሦስተኛው ላይ አሥር ደቂቃ ዕረፍት ጠይቁ፣ ውጡ፣ ንጹሕ አየር ሳቡ። ያን ጊዜ የራሳችሁን ክንድ አሽትቱ፣ አፍንጫ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰው ዕረፍት ላይ ስልክ ከማየት ይልቅ የቀመሰውን ቢጽፍ ይሻላል፤ "ሙዝ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ ይኼ ይገዛ" የምትል አጭር ነገር ትበቃለች። አስቀማሹ የሰማውን እናንተም ካልሰማችሁ አትጨነቁ። ቫኒላ ሲላችሁ ጠጅ ሳር ከሸተታችሁ ጠጅ ሳር ጻፉ፤ የናንተን ምላስ ያሳደገው የናንተ ጓዳ ነው።

ሲያልቅ መኪና አትንዱ፣ ሁለት ቢራ የሚያህል ብቻ ነው የጠጣሁት ብላችሁም ቢሆን። አዳማ ውስጥ ባጃጅ ለማግኘት ብዙ አይፈጅም፤ ፈጣን መንገዱን ለነገ ጠዋት ተዉት፣ አልጋውን ከቅምሻው በፊት ያዙ። እራት ላይ አሁን ያ ክትፎ ይምጣ፣ ውኃ ግን አይቋረጥ።

ጠርሙስ ገዝታችሁ የምትመለሱ ከሆነ ቆሞ ይቀመጥ እንጂ አይጋደም፤ እንደ ወይን ካጋደማችሁት አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ከፀሐይ ይራቅ። ጠርሙሱ ግማሽ ከወረደ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠጣ ወይም ወደ ትንሽ ጠርሙስ ይገልበጥ፣ አየር ቃናውን ያደክመዋል። የተረፈው ቸኮሌት ደግሞ በፎይል ተጠቅልሎ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ፣ ከበርበሬና ከቡና ርቆ ይቀመጥ፤ የካካዎ ቅቤ ሽታ ይስባል፣ ከበርበሬ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ያደረ ቸኮሌት በሳምንቱ በርበሬ በርበሬ ይላል።